ዝንጅብል፣ እርድና ኮረሪማ፦ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒትነት

ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማና ሄል በየቤቱ የቅመም መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም፣ በመልክም ሆነ በጣዕም ስለማይመሳሰሉ ዝምድና አላቸው ብሎ የሚገምት ሰው ጥቂት ነው፤ የሥነ ዕፅዋት ተመራማሪዎች ግን አራቱንም በአንድ የዝንጅብል ቤተሰብ ውስጥ ይመድቧቸዋል። በሥነ ዕፅዋት «ቤተሰብ» የሚባለው ከአንድ ጥንታዊ ዘር የወረዱ፣ በአበባቸውና በአካላቸው አሠራር የሚቀራረቡ ዕፅዋት ስብስብ ሲሆን፣ ይህኛው ቤተሰብ 50 ያህል ወገኖችንና ከ1,500 በላይ ዝርያዎችን ያቅፋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚበቅሉት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃትና ዝናባማ ደኖች ውስጥ ነው፤ ኮረሪማ የሚገኝበት አፍራሞሙም የተባለው ወገን ግን አፍሪካዊ ነው። እንሰትና ሙዝም ሰፋ ባለው ምድብ ከነዝንጅብል ጋር አብረው ስለሚቆጠሩ የሩቅ ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ከመሬት በላይ የሚታየው የእንሰት «ግንድ» በእርግጥ ተደራርበው የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች እንደሆነ ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የዝንጅብልና የኮረሪማ አገዳም እንዲሁ የተጠቀለለ ቅጠል ነው።

እውነተኛው ግንዳቸው ከአፈር በታች ወደ ጎን የሚያድገው፣ ሪዞም የሚባለው ወፍራም ክፍል ሲሆን፣ በተለምዶ የዝንጅብል ወይም የእርድ ሥር የሚባለው ይኸው ነው። ተክሉ ለመጪው ወቅት የሚሆነውን ስንቅ የሚያከማቸው በዚህ ክፍል ስለሆነ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ከሚርመሰመሱት ፈንገሶች፣ ባክቴሪያዎችና ትሎች ሊከላከለው ይገባል፤ ለዚህም በሪዞሙ ውስጥ በተበተኑ ጥቃቅን ሕዋሳት በቀላሉ የሚተኑ መዓዛማ ዘይቶችንና የሚያቃጥሉ ውሁዶችን ያመርታል። የሰው ልጅ መድኃኒት ብሎ የሚወስደው እንግዲህ ተክሉ ራሱን ለመጠበቅ የሠራውን መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በሰው አካል ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ለመሥራት ምን ያህል መጠን ያስፈልገዋል የሚለው ግን ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ወሳኝ ሆኖ ሳለ ስለ ዕፅዋት መድኃኒት በሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ተዘንግቶ ይቀራል።

እርጥብ ዝንጅብል በቢላዋ ሲቆረጥ ወዲያው አፍንጫ የሚደርሰው ሽታ የሚተኑት ዘይቶች ሲሆን፣ ምላስን የሚያቃጥለው ግን በቀላሉ የማይተን ጂንጀሮል የተባለ ውሁድ ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ የውሃ ሞለኪውል እየጣለ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ከጂንጀሮል ይበልጥ የሚፋጅ በመሆኑ፣ ደረቅ ዝንጅብል ከእርጥቡ የሚከረው ውሃው ስለተነነ ብቻ ሳይሆን የውስጡ ኬሚስትሪ ስለተለወጠም ጭምር ነው። ሲበስል ደግሞ ከፊሉ ጂንጀሮል ተሰብሮ ዚንጀሮን የተባለ፣ ለስላሳና ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ መዓዛ ያለው ውሁድ ይሆናል። አዩርቬዳ በተባለው የሕንድ ጥንታዊ ሕክምናም ሆነ በቻይና ባህላዊ ሕክምና፣ ይህ ሁሉ ከመታወቁ ከብዙ ዘመናት በፊት እርጥቡና ደረቁ ዝንጅብል የየራሳቸው ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር፤ የዘመኑ ኬሚስትሪ የነዚያን ሐኪሞች አስተውሎት ትክክለኛነት አረጋግጧል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ዝንጅብል ለሆድ ይበጃል የሚለው እምነት ከእስያ ወደ ምዕራብ የተሻገረውም ገና በጥንት ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስኮሪደስ ስለ መድኃኒቶች በጻፈው መጽሐፍ ዝንጅብል የሚያሞቅ፣ ምግብ የሚያንሸራሽርና ለጨጓራ የሚስማማ መሆኑን ገልጿል፤ የሚበቅለው በቀይ ባሕር ዳርቻ ነው ብሎ መጻፉ ግን፣ ሸቀጡ ከሕንድ ወደ ሜዲትራኒያን የሚደርሰው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ስለነበር የተፈጠረ ስህተት ይመስላል።

የዘመናዊ ሳይንስ ምስክርነት ከሁሉ ይልቅ ጠንክሮ የሚገኘው በማቅለሽለሽና በማስታወክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በጉዞ ላይ በቀላሉ የሚያቅለሸልሻቸው 36 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ከፊሎቹ 940 ሚሊ ግራም የዝንጅብል ዱቄት፣ ከፊሎቹ ዳይመንሃይድሪኔት የተባለውን የጉዞ ሕመም መድኃኒት፣ የቀሩት ደግሞ ማስመሰያ ከወሰዱ በኋላ በሚሽከረከር ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተደርጎ፣ ዝንጅብል የወሰዱት ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ መቋቋም ችለዋል። ማስመሰያ የሚባለው መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን የሚሠራ ንጥረ ነገር የሌለበት ክኒን ሲሆን፣ ጥቅሙም ሰው መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ በማመኑ ብቻ የሚሰማውን መሻሻል ከእውነተኛው የመድኃኒት ውጤት ለመለየት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በባሕር ላይ በነበሩ 80 የዴንማርክ የባሕር ኃይል ካዴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ 1 ግራም ዝንጅብል ማስታወክንና የቀዝቃዛ ላብ መውጣትን ከማስመሰያው በተሻለ ቀንሷል። ይሁን እንጂ በጉዞ ሕመም ላይ ምንም ውጤት ያላገኙ ሌሎች ሙከራዎችም ስላሉ፣ በዚህ በኩል ያለው ማስረጃ የተደባለቀ ነው።

በእርግዝና ጊዜ ለሚከሰት ማቅለሽለሽ ያለው ማስረጃ ይበልጥ ወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታይላንድ ሐኪሞች በ70 ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ በቀን 1 ግራም ዝንጅብል ለአራት ቀናት የወሰዱት ሴቶች ማስመሰያ ከወሰዱት ይልቅ ማቅለሽለሹም ትውከቱም ቀሎላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ማቅለሽለሹን በማስታገስ ረገድ ተመሳሳይ ውጤት በማሳየታቸው፣ የአሜሪካ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ዝንጅብልን ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉ አማራጮች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። በካንሰር ሕክምና በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመው፣ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 576 ሕሙማን የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ሕሙማኑ ከመደበኛው የማስታወክ መከላከያ ጋር በቀን ግማሽ፣ 1 ወይም 1 ከግማሽ ግራም ዝንጅብል ሲሰጣቸው ሕክምናው በተጀመረበት ቀን የነበረው ማቅለሽለሽ ቀንሷል፤ የበለጠ ውጤት የታየውም በትልቁ መጠን ሳይሆን በግማሽና በ1 ግራም ነበር። መድኃኒት ሲበዛ ጥቅሙም ይበዛል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ግኝት ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ውጤቱ ከየት እንደሚመጣም በከፊል ይታወቃል። ጨጓራና አንጀት ሲታወኩ ሰሮቶኒን የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ሰሮቶኒኑም በነርቮች ጫፍ ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ የማስታወክ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው የአንጎል ክፍል እንዲነቃ ያደርጋል። ኬሞቴራፒ ለሚወስዱ ሕሙማን የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን የተባለው መድኃኒት የሚሠራው እነዚህን ተቀባዮች በመዝጋት ሲሆን፣ ጂንጀሮልና ሾጋኦልም በቤተ ሙከራ በነዚሁ ተቀባዮች ላይ ደከም ያለ ቢሆንም ተመሳሳይ ሥራ ሲሠሩ ታይቷል፤ በተጨማሪም ዝንጅብል ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያልፍበትን ፍጥነት ያሳድጋል።

እዚህ ላይ የመጠኑን ነገር ማስላት ያስፈልጋል። በነዚህ ሙከራዎች ውጤት ያሳየው 1 ግራም ደረቅ ዝንጅብል በሻይ ማንኪያ ሲለካ ግማሽ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሆዱ ሲገለባበጥበት ዝንጅብል በሻይ አፍልቶ የሚጠጣ ወይም ቁራጭ የሚያኝክ ሰው ተመራማሪዎቹ ከተጠቀሙበት መጠን ብዙም የራቀ ነገር አያደርግም። ከወጥ ቤት ቅመሞች መካከል በማእድ ቤት የሚለካው መጠንና በሆስፒታል የተፈተነው መጠን እንዲህ የሚቀራረቡባቸው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የዝንጅብል ልዩነትም ይኸው ነው።

ከማቅለሽለሽ ውጭ ያለው ጥቅሙ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በወር አበባ ሕመም ላይ በኢራን የተደረገ ጥናት ዝንጅብል ከአይቡፕሮፌን የማይተናነስ ማስታገሻ ሆኖ እንዳገኘው ዘግቧል፤ በጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ላይ የታየው ጥቅም ግን አነስተኛ ነው። በኢትዮጵያ ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከማርና ከሎሚ ጋር ለጉንፋን መወሰዱ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታይዋን ተመራማሪዎችም እርጥብ ዝንጅብል የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ ወደ ሕዋሳት እንዳይገባ ሲከላከል፣ ደረቁ ግን ይህን እንዳላደረገ አሳይተዋል። ነገር ግን ይህ የታየው በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ እንጂ በታመመ ሰው ላይ ስላልሆነ፣ ዝንጅብል ጉንፋንን ይፈውሳል ለማለት አያበቃም፤ የሚያሞቅ መጠጥ ጉሮሮን እንደሚያስታግስና እንደሚያበረታ መናገር ግን ይቻላል።

የዝንጅብልን አደጋ በተመለከተ፣ በቀን ከ4 ግራም ደረቅ ዝንጅብል ማለፍ አይመከርም፤ መጠኑ ሲበዛ ቃርና የሆድ ማቃጠል ያስከትላል፤ ዋርፋሪን የመሳሰለ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የመድማት አደጋ ሊጨምርባቸው ስለሚችል ዝንጅብልን በብዛት ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

ስለ ዝንጅብል ሲነገር የአርሶ አደሩ ጉዳይም ሊታለፍ አይገባም። ዝንጅብል የሚባዛው በዘር ሳይሆን ሪዞሙ እየተቆራረጠ ሲተከል ስለሆነ፣ አንድ ማሳ ላይ የሚበቅለው ተክል ሁሉ በውርሱ ተመሳሳይ ነው፤ ለመትከያ የሚመረጠው ቁራጭ በሽታ ካለበትም በሽታው አብሮ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ በወላይታ፣ በከምባታና ጠምባሮ እንዲሁም በሌሎች የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች የተዛመተው ባክቴሪያ አመጣሽ የማጠውለግ በሽታ ብዙ ማሳዎችን ያወደመውና ዝንጅብልን ዋና የገቢ ምንጫቸው ያደረጉ ቤተሰቦችን ለችግር የዳረገው በዚሁ መንገድ ነው። ከበሽታ ነጻ የሆነ የመትከያ ዝንጅብል ለገበሬው ማድረስ ከማንኛውም የመድኃኒት ምርምር የሚቀድም ሥራ ነው።

እርድ ከዝንጅብል የተለየ ታሪክ አለው። አልጫ ወጥን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የተባለው ውሁድ እ.ኤ.አ. በ1815 ከሪዞሙ የተለየ ሲሆን፣ የሞለኪውሉ አሠራር የታወቀው በ1910 ነው። የኩርኩሚንን ጠባይ ያለ ቤተ ሙከራ ማየት ይቻላል፦ በእርድ የተነካ ነጭ ጨርቅ በሳሙና ሲታሸ ቢጫው ነጠብጣብ ወዲያው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የሎሚ ጭማቂ ሲንጠባጠብበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ሞለኪውሉ ሳሙና ውስጥ ባለው አልካሊ ምክንያት ቅርጹን ስለሚለውጥ ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ቶሎ እንደሚፈራርስም ይታወቃል። በቀላሉ የሚለዋወጥና የሚፈራርስ መሆኑ ለኬሚስቱ ትኩረት የሚስብ ቢሆንም፣ ለመድኃኒት ቀማሚው ትልቅ እንቅፋት ነው።

ኩርኩሚን በቤተ ሙከራ ብግነትን ሲቀንስ፣ የካንሰር ሕዋሳትን ሲገታና ባክቴሪያዎችን ሲያዳክም በሺዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ተዘግቧል፤ ወደ ሰው አካል ሲገባ ግን በውሃ የማይሟሟ በመሆኑ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለፈውንም ጉበት ፈጥኖ ይለውጠውና ያስወግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ተመራማሪዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ጋር፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬ ከሚገኘው አቃጣይ ውሁድ ጋር፣ ሲሰጥ በደም ውስጥ የሚገኘው የኩርኩሚን መጠን 20 እጥፍ እንደሚያድግ አሳይተዋል፤ እርድ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይወሰድ የሚለው ምክር የተስፋፋው ከዚህ ጥናት በኋላ ነው። በ2017 ደግሞ አንድ የኬሚስቶች ቡድን ከ120 በላይ የሚሆኑ የኩርኩሚን ሙከራዎችን ከቃኘ በኋላ፣ ውሁዱ በብዙ የቤተ ሙከራ ፈተናዎች ላይ የሐሰት ውጤት የሚያስመዘግብ ጠባይ እንዳለው በመግለጽ፣ የተነገረለት ተስፋ ከማስረጃው እጅግ የቀደመ መሆኑን አስጠንቅቋል።

ይህ ማለት ግን እርድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በታይላንድ 367 የጉልበት ብግነት ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በቀን 1,500 ሚሊ ግራም ከእርድ ተጣርቶ የወጣ ንጥር ከ1,200 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ጋር የሚቀራረብ የሕመም ማስታገስ ውጤት እንዳለውና የሆድ ችግር የሚያስከትለውም ባነሰ መጠን እንደሆነ አግኝቷል። ትልቁ አንጀትን የሚያቆስል ሥር የሰደደ ብግነት ባለባቸው 89 ጃፓናውያን ሕሙማን ላይ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ሙከራም፣ በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን ከመደበኛው መድኃኒት ጋር የወሰዱት ሕመሙ ያገረሸባቸው ማስመሰያ ከወሰዱት እጅግ ባነሰ ቁጥር ነው። ስሌቱ ሲሠራ ግን የወጥ ቤቱና የሆስፒታሉ ርቀት ይታያል፦ ከእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ፣ ማለትም 3 ግራም ያህል እርድ የሚይዘው 90 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን ነው። በጃፓን የተፈተነውን መጠን ከእርድ ለማግኘት ከ20 ማንኪያ በላይ በየቀኑ መብላት ያስፈልጋል። ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ እንግዲህ ጣዕምና ቀለም ነው፤ ለመድኃኒትነት የተፈተነው ግን ተጣርቶ የተጠራቀመ ሌላ ነገር ነው።

ያ የተጠራቀመው ነገር ከአደጋ ነጻ አለመሆኑም መታወቅ ይገባዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጣሊያንና በአሜሪካ፣ በብዛት ከፒፐሪን ጋር የተቀላቀለ የኩርኩሚን እንክብል በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል፤ ጉዳቱ በተወሰነ የዘር ውርስ ባላቸው ሰዎች ላይ እንደሚበዛም ተደርሶበታል። ዱቄቱንም በተመለከተ በባንግላዴሽ አንዳንድ ነጋዴዎች የእርዱን ቢጫነት ለማድመቅ እርሳስ ያለበት መርዛማ ቀለም ይቀቡት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ተጋልጦ፣ መንግሥት በወሰደው እርምጃ እርሳስ የተገኘበት የገበያ ናሙና በሁለት ዓመት ውስጥ ከ47 በመቶ ወደ ዜሮ ወርዷል። የምግብ ቁጥጥር ቁርጠኝነት ካለው በአጭር ጊዜ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይቸግራል።

እርድ በሕግ አደባባይም ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እርድን ለቁስል ማዳኛ የመጠቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲሰጠው፣ የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ይህ ዕውቀት በሕንድ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ እንጂ አዲስ ፈጠራ አይደለም ሲል የሳንስክሪት ጽሑፎችንና የታተሙ የሕክምና ጥናቶችን አስደግፎ ተከራከረ፤ በ1997ም የባለቤትነት መብቱ ተሰረዘ። ሕንድ ከዚህ ትምህርት ወስዳ ባህላዊ የሕክምና ዕውቀቷን በበርካታ ቋንቋዎች መዝግባ የፈጠራ መብት መርማሪዎች ሊያዩት በሚችሉበት የመረጃ ቋት ውስጥ አስቀምጣለች። ክርክሩን ያሸነፈችው ዕውቀቱ ስለነበራት ብቻ ሳይሆን ተጽፎ ስለተገኘ ነው፤ አብዛኛው የባህል ሕክምና ዕውቀት በቃል በሚተላለፍባት ኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ከእስያ ዘመዶቻቸው መካከል ሄል የሆድ መነፋትን ለማስታገስና የአፍ ሽታን ለማጣፈጥ ያገለግላል፤ ገላንጋል የሚባለው የዝንጅብል ዘመድም በታይላንድና በኢንዶኔዢያ ከምግብ ባሻገር ለሆድና ለቆዳ ሕመም ይውላል። ሁለቱም በሰው ላይ በበቂ ሁኔታ የተፈተኑ አይደሉም።

ኢትዮጵያን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ኮረሪማ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከፋ፣ በሸካና በቤንች አካባቢ ከደን ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ይህ ተክል፣ ሲበስል የሚቀላና የቅል ቅርጽ ያለው ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬው ደርቆ በገበያ ሲሸጥ ቅርፊቱ ውስጥ የተደራረቡት ጥቃቅን ቡናማ ዘሮች ተፈልፍለው ለበርበሬ፣ ለሚጥሚጣ፣ ለንጥር ቅቤና ለቡና ቅመምነት ይውላሉ። በባህል ሕክምናም ለሆድ መነፋትና ለሆድ ቁርጠት፣ እንዲሁም ለማስቀመጥና ሰውነትን ለማበርታት ይወሰዳል። በዝንጅብልና በእርድ የሚፈለገው ሪዞሙ ሲሆን በኮረሪማ ግን ዘሩ ነው።

በዘሩ ዘይት ውስጥ ሲሶ ያህሉን የሚይዘው ሲኔኦል የተባለው ውሁድ በባሕር ዛፍ ዘይትም ዋናው ንጥረ ነገር ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ ሲታጠን አፍንጫውን የሚከፍትለት ይኸው ነው። በጀርመን ሲኔኦል 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም በሚይዝ እንክብል መልክ ለአፍንጫ ጎረቤት ክፍተቶች ብግነትና ለሳል ይሸጣል፤ በሙከራም ጥቅሙ ታይቷል። ኮረሪማ ከዚህ ምን ያህል ይይዛል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከዘሩ ክብደት ዘይቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ በመሆኑ ከ1 ግራም ዘር የሚገኘው ሲኔኦል ከ10 እስከ 13 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በቡና ውስጥ የሚገባው ጥቂት ፍሬ የአንድ እንክብል ያህል ሥራ ይሠራል ተብሎ ሊጠበቅ አይችልም። ሆድን የሚያፍታታው ግን ሲኔኦል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ዘይቱ ኔሮሊዶልን ጨምሮ ሌሎች በርካታ ውሁዶች ስላሉት፣ እነዚህ ተደምረው በትንሽ መጠንም ቢሆን የአንጀትን መጨማደድ ያላሉ እንደሆነ በሰው ላይ ተፈትኖ መታወቅ አለበት።

በኮረሪማ ላይ እስካሁን የተሠራው ምርምር በአብዛኛው የዘይቱን ይዘት በመለየትና በቤተ ሙከራ በባክቴሪያዎች ላይ በመሞከር የተወሰነ ነው፤ ዝንጅብል በዴንማርክ መርከብ ላይ፣ በታይላንድ የእርግዝና ክትትል ክፍልና በአሜሪካ የካንሰር ሕሙማን ላይ ያገኘውን ዓይነት ፈተና ኮረሪማ አላገኘም። ፈተናው ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፦ ሆዳቸው የሚነፋቸው ፈቃደኛ ሕሙማን፣ መጠኑ የታወቀ የኮረሪማ ዱቄት፣ ተመሳሳይ የሚመስል ማስመሰያና ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል። የኢትዮጵያ የሕክምናና የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የሚያስፈልገው ባለሙያ አላቸው፤ ተክሉም ከደጃቸው ብዙም አይርቅም፤ ሌሎች ቀድመው ሳይመዘግቡት ይህን ፈተና ሊጀምሩ ይገባል።